ክንዱን የሰበረው ሲሚንቶው ነው፦ «ልጆቻችንን ለአፈርና ለብርድ አትስጡብን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወላጆች እርስ በርስ የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ልጆቻችንን ለአፈርና ለብርድ አትስጡብን» ይላል። ጸሐፊዋ እናት ናቸው። የአራት ዓመት ልጃቸው የሚማርበት ኬጂ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆቹን ጓሮ እያወጣ በዛፍ፣ በድንጋይና በአፈር ማስተማር ጀመረ። እሳቸው አልተዋጠላቸውም። ቅሬታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጆቹ ይወድቃሉ። ብርድና ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ትል ይይዛቸዋል። ነገሩ የፈረንጅ ፋሽን ነው። የምንከፍለው ፊደልና ቁጥር እንዲማሩልን ነው። አንዲት መምህርት አርባ ልጅ ይዛ ስትወጣ አንዱ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? በመጨረሻም ትምህርት ቢሮ ይህን አሠራር ባስቸኳይ እንዲያግድ ጠይቀዋል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የኬጂ መምህርት ነኝ። ልጆችን ውጭ አውጥቶ ማስተማር እደግፋለሁ፤ አደርገዋለሁም። ጽሑፉን ሳነብ ብዙ ቦታ ላይ ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ እናትየዋ የፈሩት ነገር አብዛኛው በእውነት የሚያስፈራ ነው። ግን ያ የሚያስፈራ ነገር ያለው እሳቸው በጠቆሙበት ቦታ አይደለም። ልጆቹን ክፍል ውስጥ ብንዘጋባቸውም ተከትሏቸው ይገባል። አንዳንዱ እንዲያውም እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚፈለፈለው።

ከመውደቅ ልጀምር፤ ጽሑፉም የጀመረው በእሱ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። እናቱ ሥራዋን ጥላ ሮጠች፣ ልጁ ሳምንታት በጀሶ ቆየ። ታሪኩ ያሳዝናል። ግን አንድ ጊዜ ደግማችሁ አንብቡት። ልጁ የወደቀው ከብረት ሸርተቴ መሰላል ላይ ነው። ያረፈው ሲሚንቶ ላይ ነው። ይህን የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በታሪኩ ውስጥ ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ አፈር የለም። ልጁን የጎዳው ጽሑፉ «አስተማማኝ» ብሎ የሚያወድሰው ዓይነት ግቢ ነው፦ ዙሪያው የታጠረ፣ መሬቱ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መሃሉ ላይ ቀይና ቢጫ የተቀባ ብረት የተተከለበት።

ሲሚንቶ ንጹሕ ይመስላል። በዝናብ አይጨቀይም፣ ለመጥረግ ይመቻል፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ለመጡ ወላጆችም ዓይን ይገባል። ለወደቀ ልጅ ግን ከእሱ የከፋ መሬት የለም። አውሮፓውያን ለመጫወቻ ቦታ ያወጡት ኢኤን 1176 የሚባል ደረጃ አለ። ልጅ ሊወድቅበት የሚችል ከፍታ እስከ 3 ሜትር ድረስ ይፈቅዳል። ሦስት ሜትር ማለት የቤት ጣሪያ ቁመት ነው። ነገር ግን ከሥሩ የአወዳደቁን ኃይል የሚያበርድ ነገር እንዲኖር ያዛል፤ አሸዋ፣ ደቃቅ ጠጠር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ለዚሁ የተሠራ ጎማ። ደረጃውን ያወጡት ሰዎች ልጅ እንደሚወጣና እንደሚወድቅ ተቀብለው ነው የተነሡት። ከዚያ የጠየቁት «ምን ላይ ይውደቅ?» ብለው ነው። እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አላየሁም። ሸርተቴውን እንገዛለን፣ ብሎኑን ሲሚንቶው ውስጥ እንቀብራለን፣ በቃ።

ልጅ ፊት የሚደቀን አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን ልጁ ራሱ ያየዋል። ግንዱ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ድንጋዩ የሚያንሸራትት መሆኑን በዓይኑና በእግሩ ይለካዋል። ሌላውን ግን ሊያየው አይችልም። ሣር የሸፈነው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ውስጡ የበሰበሰ ቅርንጫፍ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከጣውላ ላይ የወጣ ሚስማር። ሁለተኛውን ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ማስወገድ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ጧት ግቢውን በእግር ዞሮ ማየት፣ ሣሩን በዱላ መግለጥ፣ ቅርንጫፉን መነቅነቅ። የመጀመሪያውን ግን ካስወገድንበት ልጁ መለካትን መቼም አይማርም።

እስቲ አንድ ነገር ላሳያችሁ። የምሠራበት ግቢ ጥግ ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ግንድ አለ። ከመሬት ከፍታው ከአዋቂ ጉልበት አይበልጥም። ሥሩ አፈር ነው። ክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረኝ። ግንዱ ላይ ወጣና መሃል ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች አየ። ወደ እኔ አየ። «ሚስ፣ ያዥኝ» አለ። ጠጋ ብዬ እጄን ከጀርባው ዘረጋሁ፤ ግን አልነካሁትም። ትንሽ አሰበና ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በቂጡ እየተንሸራተተ፣ ሁለት እጁን ግንዱ ላይ ተክሎ፣ እስከ ጫፉ ሄደና ወረደ። ማንም አላስተማረውም። መቆም ካቃተኝ መቀመጥ እችላለሁ የሚለውን ያገኘው ራሱ ነው። ከኋላው የነበረችው ልጅ አየችውና እሷም ተቀመጠች። ያዝ አድርጌ ባወርደው ኖሮ የሚማረው ሲያስፈራህ ሚስን ጥራ የሚለውን ብቻ ነበር።

ይህን የሚሉት መምህራን ብቻ አይደሉም። ኤለን ሳንድሴተር የምትባል ኖርዌያዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ልጆች ደፈር ብለው የሚጫወቱትን ጨዋታ በስድስት ከፈለችው፦ ከፍታ መውጣት፣ በፍጥነት መሮጥ፣ ስለት ባለው መሣሪያ መሥራት፣ ውኃና እሳት አጠገብ መጫወት፣ መታገልና ከትልቅ ሰው ዓይን መሰወር። ዝርዝሩን ሳይ የታየኝ የእኛው ሰፈር ነው። ዛፍ መውጣት፣ አባሮሽ፣ ትግል፣ አኩኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ ውስጥ ማሪያና ብሩሶኒ የመሩት ቡድን በዚህ ዓይነት የውጭ ጨዋታ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። በጥቅሉ ሲታይ ለልጆች ጤና የሚያመጣው በጎ ውጤት እንደሚያመዝን አገኘ። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሐኪሞች ይህን ጨዋታ ለወላጆች እንዲመክሩ የሚያበረታታ መግለጫ አወጣ። የተሰበረ ክንድ በየጊዜው የሚያዩት ሰዎች ናቸው እንግዲህ ይህን ያሉት።

አሁን ወደ ብርዱ። ጸሐፊዋ በጣም የተብከነከኑበት ነጥብ ይህ ነው፤ እኔም ረዘም ላለ ጊዜ እዚህ እቆያለሁ። «ጓሮ የሚውል ልጅ የሳንባ ምች ይይዘዋል፤ በእኛ አገር ሳንባ ምች ይገድላል» ብለዋል። ይገድላል፤ እውነት ነው። የሳንባ ምች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ በሽታዎች ግንባር ቀደሙ ነው። የሚያመጡት ግን ጀርሞች ናቸው። ጀርም ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ የሚተላለፈው ብዙ ሰው በታጨቀበትና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የከሰልና የማገዶ ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። አርባ ልጅ በር ዘግቶ አንድ ክፍል ውስጥ ማዋል ከብርድ የሚያድን ይመስላል። አንዱ ካሳለ ግን የሁሉም ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል 500 የሳንባ ምች የያዛቸውን ሕፃናት፣ ሌሎች 500 ካልያዛቸው ጋር አነጻጸሩ። የፈለጉት ሪኬትስን ነው፤ በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበትን በሽታ። የሳንባ ምች ከያዛቸው መካከል 210ሩ፣ ማለትም 42 በመቶው ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልያዛቸው መካከል ግን 20ው ብቻ፣ 4 በመቶ ናቸው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰና ጡንቻው የደከመ ልጅ በደንብ አይተነፍስም፣ አክታውንም በሳል አያወጣም።

ቫይታሚን ዲ ደግሞ ሰውነታችን በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳችንን ሲነካው ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልበት አገር ልጆቻችን በፀሐይ እጥረት አጥንታቸው ይለሰልሳል! ለምን? ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት እያልን ጠቅልለን ቤት ስለምናስቀምጠው ነው። ድሮ እናቶቻችን ሕፃኑን ቅባት ቀብተው ደጅ ላይ ፀሐይ ያሞቁት ነበር። ፀሐይ ማሞቁን ዛሬም ጤና ጣቢያ ይመክራል። «ክፍላቸው ፀሐይ ይገባዋል» ብለው ጸሐፊዋ መጻፋቸውንም አይቻለሁ። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ክፍሉን ያሞቃል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያሠራም። ለዚያ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

የአዲስ አበባ የእኩለ ቀን ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። እኔ ጧት ረፈድ ሲል አወጣቸዋለሁ። ባርኔጣ አለ፣ ጥላ አለ፣ ውኃ አለ። ክረምት ላይ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ የሌለው ልጅ ዝናብ ውስጥ አይወጣም። መብረቅ ካለ ማንም አይወጣም። ሕመም የበረታበት ልጅ ካለ ወላጁ ይደውላል፣ ልጁ ያርፋል። አያት ዳማከሴ አሽተው ከላኩትም አመሰግናለሁ፤ ልጁ ትኩሳት ካለው ግን ሐኪም ይየው እላለሁ።

ስለ ትል ደግሞ ጸሐፊዋ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው፤ እዚህ አገር አፈር ውስጥ የሚገኝ የጥገኛ ትል ችግር ቀላል አይደለም። ግን ትሉ አፈር ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? ወስፋትና መንጠቆ ትል አፈር ላይ የሚደርሱት በሰው ሰገራ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የሚያፈስ፣ ጓሮው ላይ ሰው የሚጸዳዳበት ትምህርት ቤት ልጆቹን አፈር ላይ ማውጣት የለበትም። መጀመሪያ ያንን ያስተካክል። መጸዳጃው ደህና የሆነ፣ እጅ መታጠቢያውና ሳሙናው ከመግቢያው በር አጠገብ ያለ፣ ልጁም ጫማ ያደረገበት ግቢ ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ከውጭ ገብቶ እጁን ያልታጠበ ልጅ ምሳ ዕቃውን እንዲነካ አንፈቅድም። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የትል መድኃኒት መውሰዳቸውንም ወላጆችን እንጠይቃለን። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን ደግሞ ካርዳቸው ላይ እናያለን።

ጫማው በባዶ እግር ለሚሄዱ የገጠር ልጆች የበለጠ ያሳስበኛል። ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ ቦታዎች፣ ወላይታም ሆነ ጎጃም፣ ለዓመታት በባዶ እግር የረገጠ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። መከላከያው ጫማና እግር መታጠብ ነው። «አፈር ይንኩ» ስል ጫማቸውን ያውልቁ ማለቴ አይደለም።

አፈር ራሱ ግን ጠላት አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ጠጠርና አሸዋ ብቻ የነበሩባቸውን የሕፃናት ማዋያ ግቢዎች የጫካ አፈር፣ ሣርና ተክል አለበሷቸው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 75 ልጆችን ለ28 ቀን ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንደወጣው፣ በተክል የተሸፈነ ግቢ ውስጥ የተጫወቱት ልጆች ቆዳ ላይ ያሉት በጎ ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነታቸው በዛ። ደማቸው ውስጥም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በተሻለ ሁኔታ ራሱን እንደሚቆጣጠር የሚያሳዩ ለውጦች ታዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ አገሩም ሌላ ነው፤ የትል ችግራቸው ከእኛ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ከእሱ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፈሩ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ልጅ ቢነካው የሚጠቅመው ነገር አለ።

ጸሐፊዋ ያላነሱት፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ተክሎቹ ናቸው። ብዙ ግቢ በቅንጭብ ይታጠራል። ቅንጭብ ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል። ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። ጉሎ ደግሞ ፍሬው ዝንጉርጉርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ልጅ ሲያየው ኪሱ ሊከተው ይፈልጋል። ያ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ መርዝ ነው። ቆሻሻ በሚጣልበት ቦታ ሁሉ የሚበቅለው አስተናግር አበባው ነጭ ጡሩምባ ይመስላል፤ ፍሬው እሾሃም ነው፤ እሱም መርዝ ነው። ልጆች የሚወጡበት ግቢ ውስጥ እነዚህ ሦስቱ መኖር የለባቸውም። ተነቅለው ይጣሉ። ሳማ ሲሆን ግን አሳያቸዋለሁ። «ይህ ያሳክካል፣ አይነካም» ብዬ አንድ ጊዜ ካሳየኋቸው በኋላ አዲስ ለመጣ ልጅ ራሳቸው ናቸው የሚያስጠነቅቁት። ተክል የማያውቅ ልጅ አያቱ ቤት ገጠር የሄደ ዕለት ነው የሚጎዳው።

«የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ እነሱ ሀብታም ስለሆኑ ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ውስጥ ዴፕትፎርድ በሚባል የድሆች ሰፈር ራሔልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ እህትማማቾች ለሕፃናት የአትክልት ቦታ ያለው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልጆቹ የሚውሉት ውጭና ጎኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር ነበር። የሪኬትስ በሽተኞችና የከሱ ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱም የተከፈተው ለእነሱ ብሎ ነው። ውጭ የወጡት ሀብታም ስለነበሩ አይደለም። ጀርመን ፍሌንስቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ዓመቱን ሙሉ ጫካ የሚውል መዋዕለ ሕፃናት ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ፤ ዛሬ በዚያ አገር ከ1,000 በላይ አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ሙከራ ጀምራ፣ ሕንፃ ለሌላቸው የውጭ መዋዕለ ሕፃናት ፈቃድ በመስጠት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ፈቃድ ማለት ቁጥጥር ማለት ነው። መንግሥት ገብቶበታል።

እኛም ብንሆን ከዛፍ ሥር መማርን ከማንም አልቀዳንም። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩት የት ነው? በቤተ ክርስቲያን አፀድ ውስጥ፣ በጽድና በወይራ ጥላ ሥር ነው። ያ ትምህርት ቤት የራሱ ችግር ነበረበት፤ አለንጋውን ማንም አይናፍቅም። ቢያንስ ግን ልጅ ከሰማይ ሥር ተቀምጦ ፊደል ሊለይ እንደሚችል ከተጠራጠርን ከአያቶቻችን ጋር ነው የምንከራከረው።

ስለ ፊደል ካነሣን አይቀር፣ «የምንከፍለው እንዲማሩልን ነው» የሚለው ነጥብ በደንብ መመለስ አለበት። ወላጅ ከኑሮው ቀንሶ ነው የሚከፍለው። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ ደብተሩ ላይ ምንም ከሌለ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ። መልሱን ግን ደብተሩ ላይ ብቻ መፈለግ የለብንም።

የአራት ዓመት ልጅ «ሀ»ን አጣሞ የሚጽፈው ስላልገባው ላይሆን ይችላል፤ ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም። ጭቃ ሲያቦካ፣ ጠጠር ሲለቅም፣ እንጨት ሲሰብር ጣቶቹ ይጠነክራሉ። እኛ ፊደሉን መጀመሪያ እርጥብ አፈር ላይ በእንጨት እንጽፋለን፤ ትልቅ አድርገን፣ በሙሉ ክንድ። ከዚያ ነው እርሳስ የሚመጣው። ቁጥርም እንዲሁ ነው። «አምስት ጠጠር አምጡ፤ ሁለቱን ለጓደኛችሁ ስጡ፤ ስንት ቀረ?» ሲባል መዳፉን ገልጦ ያያል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን 5 ሲቀነስ 2 ግን ተከትሎኝ ይዘምረዋል እንጂ አያየውም። ከዝናብ በኋላ ቀንድ አውጣ ያገኙ ዕለትማ ወሬያቸው አያልቅም። «ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው?» «ቤቱ ከተሰበረ የት ያድራል?» «እናቱስ?» ክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥተው የማይናገሩ ልጆች ያን ዕለት ይከራከራሉ። ቋንቋ የሚያድገው የሚነገር ነገር ሲኖር ነው።

ዓይናቸውም አለ። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ አንደኛ ክፍል ለገቡ ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ካልተጨመረላቸው መካከል 39.5 በመቶው ሩቅ ያለን ነገር አጥርቶ ያለማየት ችግር ሲያጋጥማቸው፣ ከተጨመረላቸው ግን 30.4 በመቶው ናቸው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ፊደሉን እንዴት ይማራል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያም የ3ና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚህም 60ው ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ስክሪን ፊት መቀመጥ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ውሎ፣ በሰርቪስ ተጭኖ ወደ ኮንዶሚኒየም ተመልሶ፣ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ልጅ ያንን ሦስት ሰዓት ከየት ያገኘዋል? «ጨዋታው ቤት ይሁን» የሚሉት ጸሐፊዋ ቤቱ ጓሮ እንዳለው አድርገው ነው። የብዙዎቹ ተማሪዎቼ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ቦታ የለም የሚለውስ? መኖሪያ ቪላ ተከራይተው ለሚሠሩ የከተማ ኬጂዎች እውነት ነው፤ አንዳንዱ ግቢ መኪና እንኳ አያዞርም። በአሮጌ ጎማ ውስጥ አፈር ሞልቶ ጎመን መትከል፣ ከሲሚንቶው ላይ አንድ ጥግ ፈንቅሎ አሸዋ መሙላት ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉት የዜሮ ክፍል ልጆች ብዙ ጊዜ ሰፊ ሜዳና ትልልቅ ዛፎች አጠገባቸው አሉላቸው። እነሱ ግን በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሀ ሁ ሂ ይላሉ። በሩን መክፈት ነው የቀረው።

ልጅ ይጠፋል ለሚለው፣ እዚህ ላይ ከጸሐፊዋ ጋር ነኝ። አንዲት መምህርት አርባ የአራት ዓመት ልጅ ይዛ ከአጥር ውጭ መውጣት የለባትም። አስፋልት መሻገር አለ፣ ሚኒባስ አለ፣ ክፍት የፍሳሽ ቦይ አለ። እንጦጦ ፓርክም ሆነ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል መሄድ ግሩም ነው፤ ግን በዓመት የሚደረግ፣ ወላጅ ፈርሞ የሚፈቅደው፣ ብዙ አዋቂ የሚታከልበት ጉዞ ነው። የእኔ ክርክር ስለ ዕለት ተዕለቱ ነው፤ ያ ደግሞ በግቢ ውስጥ ነው።

ግቢ ውስጥ ሲወጡም ክፍሉ በሁለት ይከፈላል። ግማሹ ከእኔ ጋር ይወጣል፣ ግማሹ ከረዳቷ ጋር ይቀራል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሲወጡ ይቆጠራሉ፣ መሃል ላይ ይቆጠራሉ፣ ሲገቡ ይቆጠራሉ። ዛፎቹ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ አለ፤ ከዚያ ማለፍ የለም። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ወደ ትልቁ ዛፍ ይሮጣል። ይህን እንደ ጨዋታ ደጋግመን ስለምንለማመደው ማንም አይቀርም። የዋናው በር ቁልፍ ዘበኛው እጅ ነው። እንዲያውም ልጅ ለመጥፋት አደጋ ላይ የሚሆነው ልቅ የሆነ መውጫ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰርቪሱ፣ የቤት መኪናው፣ ባጃጁ በር ላይ ተኮልኩሎ፣ ማን ማንን እንደወሰደ በማይታወቅበት። ለዚያ ሰዓት የመረከቢያ ካርድ የሌለው ትምህርት ቤት ጓሮውን መፍራቱ አይገባኝም።

አሁን የቀረው የእገዳው ጥያቄ ነው። ትምህርት ቢሮ ቢያግድ ምን ይሆናል? ጠንቅቀው የሚሠሩት ትምህርት ቤቶች ያቆማሉ። ልጆቹን ያለ ጠባቂ ሲሚንቶ ላይ ለቀው ሻይ የሚጠጡት ግን ይቀጥላሉ፤ ያ «ዕረፍት» እንጂ «የውጭ ትምህርት» ስለማይባል እገዳው አይነካቸውም። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ተቆጣጣሪ እንዲመጣ ነው። መጥቶ መሬቱን ይይ፣ ተክሉን ይይ፣ መጸዳጃውንና ሳሙናውን ይይ። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን ይፈትሽ፤ ብዙ ቦታ ሣጥኑ ባዶ ነው። መምህርቷ ደም እንዴት እንደሚቆምና የታነቀ ልጅ እንዴት እንደሚረዳ ሠልጥና እንደሆነ ይጠይቅ። ልጅ የወደቀ ዕለት የሚጻፍበት መዝገብ መኖሩን፣ ወላጅም በዚያው ዕለት እንደሚነገረው ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ አዋቂዎቹን ይቁጠር። አንዲት መምህርት ያለ ረዳት አርባ ሕፃን ይዛ ካገኛት፣ ጓሮም ይሁን ክፍል፣ ያ ትምህርት ቤት ረዳት እስኪቀጥር ድረስ ይታገድ። እናትየዋ ያንን እገዳ ከጠየቁ አብሬያቸው እፈርማለሁ።